የሕፃን ጥርስ ማብቀል ምንድን ነው? ሕመሙስ በምን ይቀላል?

ሕፃኑ ሲነጫነጭ፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ሲከት፣ ለሃጩ ደረቱን ሲያርሰው ሰው ሁሉ አንድ መልስ አለው፦ «ጥርስ ሊያወጣ ነው!» ብዙ ጊዜም ልክ ነው። የሚያሳስበኝ ግን ሕፃኑ ሲያተኩስም፣ ሲያስቀምጠውም፣ ሲያስመልሰውም ያው መልስ መሰጠቱ ነው።

የወተት ጥርሶች መሠራት የሚጀምሩት ገና በማሕፀን ነው። ጥርስ ማብቀል የምንለው እነዚህ ጥርሶች ድዱን አልፈው ብቅ ሲሉ ነው። ጥርሱ ሥጋውን እየቀደደ የሚወጣ ይመስለናል፤ እንደዚያ አይደለም። በላዩ ያለው አጥንትና ድድ ቀስ በቀስ እየሳሳ መንገድ ይለቅለታል። በዚህ መሃል ድዱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሲነካም ያማል። አንዳንዴ ቦታው ላይ ሰማያዊ እብጠት ይታያል። ያስደነግጣል፤ ግን በአብዛኛው ጥርሱ ሲወጣ አብሮ ስለሚጠፋ እንዳትነካኩት።

አብዛኞቹ ሕፃናት የመጀመሪያ ጥርሳቸውን የሚያወጡት በ6 ወር አካባቢ ነው። በ4 ወሩ የሚጀምር አለ፣ አንድ ዓመት እስኪሞላው አንድም ጥርስ የማያሳይ አለ። ሁለቱም ጤናማ ናቸው። ብዙውን ጊዜ የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ይቀድማሉ። 20ዎቹ የወተት ጥርሶች ተሟልተው የሚያልቁት በ3 ዓመት ገደማ ነው። ሕመሙ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ አይዘልቅም። አንድ ጥርስ ሊወጣ ሲል ባሉት ጥቂት ቀናት ይብሳል፣ ከወጣ በኋላ ቶሎ ይረግባል።

አሁን ወደ ትኩሳቱ ልምጣ። ጥርስ ማብቀል የሰውነትን ሙቀት በትንሹ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ተቅማጥና ትውከትም እንደዚሁ። ታዲያ ለምን አብረው ይመጣሉ? ከ6 ወር ጀምሮ ሕፃኑ ከእናቱ ይዞት የተወለደው የበሽታ መከላከያ እየቀነሰ ይሄዳል። እሱ ደግሞ በዚያው ዕድሜ ወለል ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። በሽታውም ጥርሱም አንድ ሰሞን ይገጥማሉ፣ ጥፋቱ በጥርስ ላይ ይላከካል። ይህ የቆየ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 በእንግሊዝና ዌልስ ከ5,000 በላይ ሰዎች የሞቱበት ምክንያት «ጥርስ ማብቀል» ተብሎ ተመዝግቧል። ጥርስ ማብቀል ግን አይገድልም።

ለሕመሙ የሚሆነው መፍትሔ ቀላልና እጃችሁ ላይ ያለ ነው። እጃችሁን በደንብ ታጠቡ፣ ጥፍራችሁ አጭር ይሁን፤ ከዚያ በጣታችሁ ለስላሳ ጎን ያበጠውን ድድ እሹት። ሕፃኑ መጀመሪያ ፊቱን ሊያዞር ይችላል። ቀጥሎ ግን ጣታችሁን ጥርቅም አድርጎ ይነክሳል፤ የሚፈልገው እሱን ግፊት ነው። ጡት ሲይዝ የሚያለቅስ ከሆነ ከማጥባት በፊት እንዲህ ማሸት ይረዳል። ቅዝቃዜም ያስታግሳል፦ ንጹሕ ጨርቅ በንጹሕ ውኃ ነክራችሁ ጨምቁት፣ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙትና አንዱን ጫፍ ይዛችሁ አስነክሱት። ፍሪዘር ውስጥ አይግባ፤ በረዶ የሆነ ነገር ድዱን ይጎዳል። የሚነከስ ቀለበት ከገዛችሁ ውስጡ ፈሳሽ የሌለበትን ምረጡ። ለሃጩ አገጩን እንዳያቆስለው ሳትፈትጉ በጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ስስ ቫዝሊን ቀቡት። እቅፍ ማድረግንም አትናቁ፤ ሌሊት ላይ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ፓራሲታሞል አለ። መጠኑ በሕፃኑ ክብደት ስለሚወሰን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይንገራችሁ፤ በግምት አትስጡ። አስፕሪን ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥም።

ድድ ላይ የሚቀባ ማደንዘዣ ጄል ግን ይቅርባችሁ። ቤንዞኬይን ያለበት ጄል ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ለጥርስ ሕመም እንዳይሸጥ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣም ሕፃኑ ከዋጠው የሰውነት መንቀጥቀጥና የልብ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ደግሞም ጄሉ በለሃጭ ታጥቦ ስለሚሄድ ጥቅሙ ያን ያህል አይደለም። ሕመም ያስታግሳል እየተባለ አንገት ላይ የሚደረግ የዶቃ ሐብልም ሕፃኑን ሊያንቀው፣ ዶቃው ተበጥሶም ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀር ይችላል።

ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከመጣ፣ ሕፃኑ አልጠባም ካለ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ጥርስ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሐኪም ይየው። ዓመት ተኩል ሞልቶት አንድም ጥርስ ካላወጣ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ካለች ቀን ጀምሮ ጽዳት ያስፈልጋታል። በቀን ሁለቴ፣ ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ፍሎራይድ ያላት የጥርስ ሳሙና አድርጋችሁ ቦርሹለት፤ አንደኛው ከመተኛቱ በፊት ይሁን።