በሚናጥ ብልቃጥ ውስጥ ተከታታይ ፈርመንቴሽን (ማብላላት) ምንድን ነው?

«ብልቃጡን ሼከር (መናጫ ማሽን) ላይ አውጥተን ለሁለት ሳምንት ሳናቋርጥ ስለናጥነው ተከታታይ ፈርመንቴሽን አካሄድን» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ደግሞ አነበብኩ። ከሥሩ አንድ አስተያየት ሰጪ «በየቀኑ ስኳር ጠብ ስለሚደረግለት ባክቴሪያው አይራብም» ብሎ አጽድቆለታል። ወዳጄ፣ ምንም ሳይገባበትና ሳይወጣበት የሚናጥ ብልቃጥ ሁለት ሰዓትም ቆየ ሁለት ሳምንት ያው የአንድ ዙር ማብላላት ነው። ስኳር ብቻ የሚጨመርበትም እየተመገበ የሚሞላ ብልቃጥ እንጂ ሌላ ስም የለውም። ተከታታይ የሚሆነው አዲስ የምግብ ፈሳሽ በሚገባበት ፍጥነት ልክ፣ አሮጌው ከነባክቴሪያው ሲወጣ ነው። ሁሉም ሰው የሚዘለው ይህችን «ከነባክቴሪያው» የምትለዋን ነው።

አንድ የበግ በረት አስቡ። በየወሩ ዓይኑን የተሸፈነ ሰው ይገባና ከአስሩ አንዱን በግ ይዞ ይወጣል፤ ሣርም በመጠን ይገባል። በጎቹ ከሚወሰዱት ባነሰ ፍጥነት ከተዋለዱ በረቱ ባዶ ይቀራል። ፈጥነው ከተዋለዱ ደግሞ ይበዙና ሣሩ ያንሳቸዋል፤ ሣሩ ሲያንስ መዋለዳቸው ይቀዘቅዛል፤ የሚወለደውና የሚወጣው እኩል እስኪሆን ድረስ። ያኔ በጎቹ በምን ፍጥነት እንደሚዋለዱ የሚወስነው በር ላይ ያለው ሰውዬ ነው። በእኛ ብልቃጥ ሰውየው አዲሱን ምግብ የሚያስገባው ፓምፕ ነው። ሳይንቲስቶቹ ዣክ ሞኖ በፓሪስ፣ አሮን ኖቪክና ሊዮ ዚላርድ ደግሞ በቺካጎ ይህን እ.ኤ.አ. በ1950 በየፊናቸው አሳይተዋል፤ ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ኬሞስታት የሚለውን ስም ያወጡት ሁለቱ የቺካጎ ሰዎች ናቸው።

በቁጥር ሲታይ፦ 25 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ በሰዓት 2.5 ሚሊ ሊትር ከገባ፣ የማቅጠኛ ፍጥነቱ (በሰዓት የሚገባው ፈሳሽ በብልቃጡ ላለው ሲካፈል) በሰዓት 0.1 ነው። በተመቸው ምግብ በ20 ደቂቃ ገደማ እጥፍ የሚሆነው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ እዚህ እጥፍ ለመሆን 7 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሕዋሱም ያው አይደለም፤ ያንሳል፣ ፕሮቲን የሚሠራበት የሪቦዞሙም ብዛት ይቀንሳል። ብልቃጡን ተከታታይ ለማድረግ የምንደክመው ለዚህ ነው፤ የእድገት ፍጥነቱን እኛ መርጠን ሕዋሱን እዚያ ላይ ለማቆየት። «ፓምፑን ባፈጠንክ ቁጥር ምርት ይጨምራል» የሚለውም እስከ አንድ ወሰን ብቻ ነው። ፍሰቱ ባክቴሪያው ሊያድግ ከሚችልበት ከፍተኛ ፍጥነት ካለፈ ብልቃጡ ታጥቦ ባዶ ይቀራል።

በማግስቱ ጠዋት ናሙና ቀድቶ «ተረጋግቷል» ማለትም አለ። በ0.1 ፍጥነት ፈሳሹን አንድ ጊዜ የሚተካ መጠን ለመግባት 10 ሰዓት ይወስዳል። ከ30 ሰዓት በኋላ እንኳ ከመጀመሪያው ፈሳሽ 5 በመቶው አለ፤ ከ1 በመቶ በታች የሚወርደው ከ46 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው።

ያ ማለት ግን ረጅም መቆየት ሁሌ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ከበረቱ ግድግዳ ተጣብቀው ሰውየው እጅ የማይገቡ በጎች ይኖራሉ፤ መስታወቱ ላይ ሽፋን ሠርቶ የሚያድግ ባክቴሪያ እንደዚሁ ነው፤ ፓምፑ ቢፈጥንም አይታጠብም፣ ስሌታችሁንም ያበላሻል። በትንሽ ብልቃጥ ግድግዳው ከፈሳሹ አንጻር ሰፊ ስለሆነ ይህ ይብሳል። በጥቂት ሣር ከሌሎቹ ፈጥነው የሚዋለዱ በጎችም ውለው አድረው በረቱን ይወርሱታል። ኖቪክና ዚላርድ መሣሪያውን የተጠቀሙበት ሚውቴሽንን (የዘር ለውጥን) ለማጥናት ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ የምትለኩት የጀመራችሁበትን ዝርያ ላይሆን ይችላል።

መናጡስ? መናጡ ኦክስጅን ለማስገባት ነው፤ ብልቃጡን ተከታታይ አያደርገውም። ሆኖም አንድ ጣጣ ያመጣል። ፈሳሹ ሲናጥ በግድግዳው ላይ ወጥቶ ይዞራል፤ መውጫው ደግሞ ብዙ ጊዜ በጎን ያለ ቀዳዳ ነው። የሼከሩን ፍጥነት ስትጨምሩ ፈሳሹ ከፍ ብሎ ይወጣና የበለጠው ይፈስሳል፤ የሚቀረው ያንሳል። ፓምፑን ሳትነኩ የማቅጠኛ ፍጥነቱ ተቀየረ ማለት ነው። ስለዚህ መጠኑን በምትሠሩበት የመናጥ ፍጥነት ለኩት፤ ብልቃጡ ቆሞ ሳለ የተሰመረ ምልክት አይታመንም። የሚወጣውንም ለኩ፤ ከሚገባው ካነሰ የጎደለው ተንኖ ነው። የባክቴሪያው ብዛት በምግቡ ስኳር ስለሚወሰን ደግሞ ስኳሩን አታብዙ፤ አለዚያ እድገቱን የሚገድበው ስኳሩ መሆኑ ቀርቶ ኦክስጅን ይሆንና የጻፋችሁት ሁሉ ስለ ሌላ ሙከራ ይሆናል።

ጠብታውም አለ። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ብትሆን፣ በሰዓት 2.5 ሚሊ ሊትር ማለት በየ72 ሴኮንዱ አንዲት ጠብታ ነው፤ ባክቴሪያው ይጠግባል፣ ይራባል፣ ይጠግባል። ቀጭን መርፌ ጠብታዋን ያሳንሳታል። ጫፉን ፈሳሹ ውስጥ ነክሮ ጠብታውን ማስቀረት የሚያምራቸው አሉ፤ ባክቴሪያው በቱቦው እያደገ የምግብ ጠርሙሱ ድረስ ይወጣባቸዋል።