«ትምህርት ቤቱ ስንት ነው?» ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጤት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶችና በኢትዮጵያውያን ወላጆች መካከል ሆኜ ስሠራ፣ የቤት መግዣ ወቅት በደረሰ ቁጥር የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ትምህርት ቤቱ ስንት ነው?» የሚጠየቀው ግሬትስኩልስ የተባለው ድርጅት የሚሰጠው፣ እንደ ዚሎው ባሉ የቤት መሸጫ ገጾች ላይም ከቤቱ ዝርዝር ጋር አብሮ የሚታየው ከ1 እስከ 10 ያለው ቁጥር ነው። 8 ከሆነ ቤቱ ይገዛል፤ 4 ከሆነ ደግሞ «እዚያማ ልጅ ይበላሻል» ይባላል። የትምህርት ቤቱን ደጅ እንኳ ሳይረግጡ የሚሰጡት ይህ ፍርድ ስላሰለቸኝ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስሕተቶች እዚህ ላይ ማረም ግድ ሆኖብኛል።

«አማካይ ውጤቱ ዝቅ ያለ ትምህርት ቤት ማስተማር አይችልም»

ከሁሉ በላይ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ይህኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የፌዴራል የትምህርት ሕግ ግዛቶች ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈትኑ ያዛል። ከፈተናው በኋላ የሚወጣው መቶኛ የሚነግረን በዚያ ቀን ከማለፊያው መስመር በላይ የተገኙት ልጆች ምን ያህል እንደሆኑ ብቻ ነው፤ ከየት ተነሥተው እዚያ እንደደረሱ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1966 በጄምስ ኮልማን መሪነት የወጣው ሰፊ ጥናት በተማሪዎች መካከል ያለው የውጤት ልዩነት ከትምህርት ቤቱ በጀትና መሣሪያ ይልቅ ከቤተሰብ ሁኔታ ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ ካሳየ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ግን ዛሬም የወላጆችን ገቢ የመምህራን ችሎታ አድርገን እናነበዋለን።

ነገሩን በስሌት ለማየት ሁለት ትምህርት ቤቶችን በሐሳባችን እንውሰድ። በመጀመሪያው ከ100 ተማሪዎች 80ዎቹ ኑሯቸው ከተደላደለ፣ 20ዎቹ ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ካለው ቤተሰብ የመጡ ናቸው እንበል። ኑሯቸው ከተደላደለው 70 በመቶ፣ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው 40 በመቶ ቢያልፉ የትምህርት ቤቱ ውጤት 64 በመቶ ይሆናል። በሁለተኛው ትምህርት ቤት የተደላደሉት 30፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው 70 ሆነው፣ ከፊተኞቹ 75 በመቶ፣ ከኋለኞቹ 45 በመቶ ቢያልፉ ጠቅላላው 54 በመቶ ነው። ቤት ገዢው 64ን መርጦ ይሄዳል። ሁለቱንም ዓይነት ልጆች በተሻለ መጠን ያሳለፈው ግን 54 ያገኘው ነው፤ አማካዩን ዝቅ ያደረገው የተማሪዎቹ ስብጥር እንጂ የማስተማሩ ድክመት አይደለም።

የማውቃቸው አንድ አባት ከ4 ወደ 9 ለመሸሽ ሲሉ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ኪራይ ተሸክመው ሰፈር ለወጡ። ልጃቸው በቀድሞው ትምህርት ቤት በየቀኑ ከሦስት ልጆች ጋር ተቀምጣ ከንባብ ስፔሻሊስት ጋር ትማር ነበር፤ በአዲሱ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ድጋፍ የሚፈልጉ ልጆች ጥቂት ስለሆኑ መምህርቷ የምትመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሆነ። «9 ያገኘ ትምህርት ቤት እንዴት ልጄን ወደ ኋላ ያስቀራል?» ብለው ተቆጥተው መጡ። ቁጥሩ እኮ ስለ እርሳቸው ልጅ አንድም ነገር ተናግሮ አያውቅም።

ስለዚህ የሜሪላንድን የትምህርት ቤቶች ሪፖርት ካርድ ሲከፍቱ ግዛቱ ለየትምህርት ቤቱ ደረጃ የሚሰጥባቸውን ከላይ ያሉትን ኮከቦች አልፈው ይውረዱ። መጀመሪያ የተማሪዎችን የዓመት ለዓመት እድገት፣ ቀጥሎ የልጅዎን ሁኔታ የሚመስሉ ተማሪዎች ያመጡትን ውጤት ይመልከቱ። ግሬትስኩልስ ራሱ መረጃው ሲኖረው እድገትን ለብቻው ያሳያል፤ እስከዚያ ወርዶ የሚያነብ ወላጅ ግን ብዙም አልገጠመኝም። ልጅዎ ገና መዋዕለ ሕፃናት የሚገባ ከሆነ ደግሞ የሚያዩት ውጤት ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉት ልጆች ብቻ ያመጡት መሆኑን ያስታውሱ።

«ቅጹ ላይ የቤታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ብል ይሻላል፤ ልጄ ኢሶል እንዳይገባ»

ይህ ምክር በየማኅበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ይዘዋወራል፤ ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ቅጹ ልጅ ሲመዘገብ ስለ ቤት ቋንቋ ሦስት ጥያቄዎች የሚቀርቡበት ነው፤ ኢሶል ደግሞ እንግሊዝኛ ገና ላልቻሉ ተማሪዎች የሚሰጥ የቋንቋ ትምህርት ነው። ልጅን ኢሶል የሚያስገባው ቅጹ ሳይሆን ከቅጹ በኋላ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ መመዘኛ ነው፤ ልጁ ከቻለ አይገባም። ወላጅ አገልግሎቱን አልፈልግም የማለት መብት አለው፤ ልጁ ግን ደረጃው እስኪሟላ ድረስ የየዓመቱን የእንግሊዝኛ ፈተና መውሰዱ አይቀርም። አንዲት እናት ሦስቱንም ጥያቄዎች «እንግሊዝኛ» ብለው ሞሉ። ከአዲስ አበባ ከመጣ ጥቂት ወራት ብቻ የሆነው ልጃቸው ክፍል ውስጥ ዝም ሲል መምህርቷ የመማር ችግር እንዳለበት ጠርጥራ ምርመራ እንዲደረግለት ጠየቀች። ስብሰባው ላይ በአማርኛ ሳናግረው የታሪክ መጽሐፉን ሥዕሎች እያሳየ ያለማቋረጥ ተረከልኝ።

«የኢሶል ልጆች ውጤት ሁልጊዜ ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ አይሠራም» የሚሉም አሉ። እንግሊዝኛውን የቻለ ልጅ ከፕሮግራሙ ይወጣል፣ ትናንት አውሮፕላን ጣቢያ የወረደው ይገባል፤ ቡድኑ በተፈጥሮው ገና ያልቻሉትን የሚይዝ በመሆኑ ውጤቱ ከፍ ብሎ ቢታይ ነበር የሚገርመው።

«ቤት ውስጥ አማርኛ መናገር ውጤት ያወርዳል» ለሚሉት፦ አያወርድም። ልጅዎን በሚችሉት ቋንቋ በደንብ ያነጋግሩት፣ ያንብቡለትም።

«ታይትል ዋን የደካማ ትምህርት ቤት ምልክት ነው» የሚለውም ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተማሪዎች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ተጨማሪ የፌዴራል ገንዘብ ነው።

«የጥቁር ተማሪዎች ውጤት ይህን ያህል ከሆነ የእኛ ልጆችም ያው ናቸው» የሚባለውን በተመለከተ፣ በሪፖርቱ ላይ ኢትዮጵያውያን ለብቻቸው አይቆጠሩም። አምና የመጣውም፣ ቅድመ አያቶቹ እዚህ የተወለዱትም፣ የሐኪም ልጅም፣ የፓርኪንግ ሠራተኛ ልጅም በአንድ ረድፍ ውስጥ ናቸው። ከዚያ ረድፍ ተነሥቶ ስለ አንድ ልጅ መገመት አይቻልም።

የነጻ ምሳ ነገርም አለ። ብዙ ችግረኛ ቤተሰቦች ባሉበት ትምህርት ቤት ሁሉም ልጅ ያለ ማመልከቻ በነጻ እንዲበላ የፌዴራሉ ሕግ ስለሚፈቅድ፣ «100 በመቶ ነጻ ምሳ» ማለት ሁሉም ድሃ ነው ማለት አይደለም። ማመልከቻ በሚጠየቅበት ትምህርት ቤት ደግሞ ከኀፍረት ወይም ከፍርሃት የተነሣ ቅጹን የማይሞሉ ወላጆች ትምህርት ቤቱ የችግረኛ ተማሪዎቹን ትክክለኛ ቁጥር እንዳያሳይ ያደርጋሉ፤ በዚህ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ገንዘብም ሊቀርበት ይችላል። ቅጹ የመኖሪያ ፈቃድዎን አይጠይቅም፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም «የለኝም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ ማመልከት ይችላል።