«ጎበዝ ልጅ ነው፣ እሱ አይቸገርም» አትበሉኝ

መስከረም ጠብቶ ምዝገባ ሲያልቅ ወላጆች ቢሮዬ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። እኔ እዚህ ባሕር ዳር የትምህርት ቤት አማካሪ ነኝ። ልጁ ወደ 7ኛ ወይም ወደ 9ኛ ተሻግሯል፤ ፀባዩ ተቀይሯል፤ ወላጁ ደግሞ ምክንያቱን ራሱ ወስኖ ነው የሚመጣው። የምሰማው ከዓመት ዓመት ያው ነው።

«የልጅ ምን ጭንቀት አለው?» አለው እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ 7 ልጆች 1ዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል።

«ሆዴን የሚለው ከትምህርት ለመቅረት ነው።» አንዳንዴ ልክ ናችሁ። ግን ጭንቀት የእውነት ሆድ ያማል፣ ራስ ይፈልጣል። እሑድ ማታ ጀምሮ ሰኞ ጠዋት የሚብስ፣ አርብ ማታ ድራሹ የሚጠፋ ሕመም ከሆነ፣ አስመርምሩት። ከዚያ ክፍል ውስጥ አጠገቡ ማን እንደሚቀመጥ ጠይቁት።

«ይለምደዋል።» ብዙዎቹ ይለምዳሉ። ሳምንታት አልፈው እንቅልፉና ምግቡ እየቀነሰ ከሄደ ግን እየለመደ አይደለም።

አሁን ደሜን ወደምታፈላው ልምጣ። «ጎበዝ ልጅ ነው፣ እሱ አይቸገርም።»

እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚቸገረው እሱ ነው። በትንሽ ትምህርት ቤት አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ አዲሱ ክፍል ሲገባ ዙሪያው ሁሉ አንደኛ ነው። እስከ 8ኛ ባብዛኛው በአማርኛ ተምሮ 9ኛ ላይ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። አልገባኝም ብሎ እጁን አውጥቶ ስለማያውቅ እርዳታ መጠየቅ አይችልበትም። በዚያ ላይ የቤተሰቡ ተስፋ ጫንቃው ላይ ነው። ስለዚህ ይደብቃል።

ከሐይቁ ማዶ ካለች የገጠር ቀበሌ መጥቶ 9ኛ የገባ አንድ ልጅ ነበር። ከአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተው፣ ሽሯቸውን እየሠሩ፣ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት እየተመላለሱ ይማራሉ። የሒሳብ መምህሩ «ዝም አለብኝ» ብሎ ላከልኝ። ደብተሩን ገለጥኩት። ጥቅምት ላይ ህዳጉ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ፣ ጽሑፉ ለቅም ያለ ነው። ኅዳር ላይ ግማሽ ገጽ። ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ብቻ ተጽፎ ከሥሩ ባዶ።

አባቱን አስጠራኋቸው። «ይሄ ልጅ እኮ ከአንደኝነት ወርዶ አያውቅም፤ ከተማው ነው ያበላሸብኝ» አሉ። ከተማው ምንም አላደረገውም። በመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ከ20 6 አምጥቶ ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ሸጉጦታል። «አጥንቼ ከምወድቅ ሳላጠና ብወድቅ ይሻላል» ነበር ያለኝ። ይህንን ስንፍና የሚል ሰው ልጁን አላየውም።

ምክር አልደረደርንለትም። ከዚያው አካባቢ የመጣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አገናኘነው፤ እንግሊዝኛውን አብረው ይዘው ገቡ። አባትየው «ስንት አመጣህ?» የሚለውን ጥያቄ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ እንዲያቆዩት፣ በምትኩ «ከማን ጋር ትበላለህ?» እንዲሉት ነገርኳቸው። «ይሄም ጥያቄ ሆኖ!» አሉ። ጠየቁት ግን። የካቲት ላይ ልጁ እጁን እያወጣ ነበር።

እናንተም ቤት ልጅ የሚሻገር ካለ ነሐሴ ላይ ግቢውን ወስዳችሁ አሳዩት። ሽንት ቤቱ የት እንዳለ፣ በየት በር እንደሚወጣ ይወቅ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ መስከረም ላይ ግን ለልጁ ቀላል አይደለም።

«ወንድ አይደለም እንዴ፣ ይቻለው።» ወንዶቹ ሲከፋቸው ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቁጣ ነው። በር የሚያጋጨውን ልጅ ጥጋበኛ ከማለታችሁ በፊት ሌሊት ይተኛ እንደሆነ እዩ።

«12ኛን ያላለፈ ሰነፍ ነው።» በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀረው ሁሉ ሰነፍ ነው? ውጤት በተሰማ ሰሞን ልጃችሁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት፤ ብቻውንም አትተዉት።

«ራስህን ስለማጥፋት አስበሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን መስጠት ነው።» ይህ አደገኛ ስህተት ነው። ረጋ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ እንዲያውም ልጁ እንዲተነፍስ በር ይከፍትለታል። አዎ ካለ አትቆጡት፣ አታልቅሱበት። ብቻውን አይደር። ቤት ውስጥ ያለ ፀረ ተባይና መድኃኒት ይነሳ። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ፈለገ ሕይወት የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

«ጠበል እየገባ ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት ነው።» ማን እንዳለው አላውቅም። ሁለቱም ይቻላል፤ ጠዋት ጠበል ተጠምቀው ከሰዓት ሐኪም የሚያዩ ስንት አሉ። መድኃኒት የጀመረ ልጅ ግን ጠበል ገባ ተብሎ እንዳይቋረጥበት። ይቁም አይቁም የሚለውን ያዘዘለት ሐኪም ይወስን።