ብረት ሲበዛ ምን ይሆናል?
«ብረት ለደም ጥሩ ነው» እየተባልን ነው ያደግነው። እውነት ነው። ታዲያ ሐኪም «ብረትሽ በዝቷል» ሲል ግራ ያጋባል።

ቁስል ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲፈስ ነጭ አረፋ ሲያወጣ አይታችሁ ይሆናል። ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን እየበተነው ነው። ሴሎቻችን ራሳቸው ፐርኦክሳይድ ያመርታሉ፤ ካታሌዝና ግሉታታዮን የሚባል የሴል መከላከያ ሞለኪውል እግር በእግር እየተከታተሉ ያጠፉታል። የሚገርመው፣ ካታሌዝም የሚሠራው በውስጡ ባለው ብረት ነው! በፕሮቲን የተያዘ ብረት ጠባቂ ነው።

ችግሩ ያልተያዘው ነው። ብረቱ፣ በደም ውስጥ የሚሸከመው ትራንስፈሪንና የሚያከማቸው ፌሪቲን የሚባሉት ፕሮቲኖች ከሚችሉት በላይ ሲሆን፣ ያንኑ ፐርኦክሳይድ ሃይድሮክሲል ራዲካል ወደሚባል አደገኛ ነገር ይለውጠዋል። እሱን የሚያጠፋ ኢንዛይም የለንም። የሴል ሽፋን ይሁን ዲኤንኤ፣ አጠገቡ ያገኘውን ይመታል። ግሉታታዮንና ቫይታሚን ኢ እየተመናመኑ ይሄዳሉ። ጉበት፣ ልብና ቆሽት ይጎዳሉ።

ሰውነት ደግሞ ትርፍ ብረት አውጥቶ የሚጥልበት መንገድ የለውም። በቀን የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። አንድ ከረጢት ደም 200 ሚሊግራም ያህል ያስገባል። ደም ደጋግመው የሚወስዱ ሰዎች ብረት ማስወጫ መድኃኒት የሚታዘዝላቸው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የብረት ክምችትን ለማወቅ በደም ምርመራ የሚለካው ፌሪቲን በኢንፌክሽን ጊዜም ከፍ ይላል። ውጤቱን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ፤ ስለ ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን (ትራንስፈሪን ምን ያህሉ በብረት እንደተያዘ የሚያሳይ) ምርመራም ሐኪማችሁን ጠይቁ።