ኦቲዝም ያለበት ሰው ፊት አይቶ ሰው መገመት አይችልም ያለው ማነው?

የአክስቴ ልጅ 31 ዓመቱ ነው፣ ሀዋሳ ተወልዶ ያደገ፣ ኦቲዝም አለበት። ሰዉ ስለሱ የሚያወራውን ስሰማ ስለምበሽቅ ዛሬ ትንሽ ልበል።

«ፊት አይተው የሰው ፀባይ መገመት አይችሉም» ይላሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. እነ ኡታ ፍሪዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለንደን ላይ አስፐርገር (አንድ የኦቲዝም ዓይነት ይባል የነበረ) ያለባቸውን አዋቂዎች የሰው ፎቶ እያሳዩ ይሄ ሰው ይታመናል አይታመንም ምናምን ብለው ሲጠይቋቸው መልሳቸው ከሌላው ሰው ብዙም አልራቀም። በ2001 አሜሪካ ኦቲዝም ባለባቸው 8 ሰዎች ላይ የተሰራው ደግሞ ሌላው ሰው የማያምናቸውን ፊቶች እነሱ አምነዋቸው ነው የተገኘው። ውጤቱ አንድ አይደለም፣ ሰዎቹም አንድ አይደሉም፣ በደፈናው «አይችሉም» ማለት ግን ልክ አይደለም።

«እኛ ግን ፊት አይተን እናውቃለን» ኧረ ባክህ! እነ ቶዶሮቭ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ፊት ለሰከንድ አንድ አስረኛ ብቻ ቢታይ እንኳን ሰው ፍርዱን እንደሚሰጥ አሳይተዋል፣ ግን መፍጠንና ልክ መሆን ይለያያል። ባለፈው ሀዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ዓሳ ልንበላ ሄደን የሚጠብሰው ሰውዬ ፊቱ ቅጭም ብሎ ሳየው «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ይቆልለናል» አልኩ። የአክስቴ ልጅ ቀና ብሎ አየውና «ጭሱ ወደሱ ነው የሚሄደው» አለኝ። እውነትም ንፋሱ ከሐይቁ እየመጣ ጭሱን ዓይኑ ውስጥ ይከተዋል። ሰውዬው ሂሳቡንም አልቆለለም፣ ዳጣ ደግሞ ጨመረልን።

«የሰው ስሜት አይገባቸውም» የሚለውም አለ። በ2013 የወጣ ጥናት የፊት ስሜት መለየት የሚያስቸግረው ከኦቲዝሙ ይልቅ የራስን ስሜት ለይቶ መናገር አለመቻል መሆኑን አሳይቷል፣ እሱ ደግሞ ኦቲዝም በሌለበትም ሰው ላይ አለ።

«ችግሩ የነሱ ብቻ ነው» የሚለው ነው በጣም የሚያናድደኝ። በ2017 እነ ሳሶን የሚባሉ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች አጭር ቪዲዮ ኦቲዝም ለሌለባቸው ሲያሳዩ ተመልካቾቹ ከነሱ ጋር ለማውራት ብዙም ፍላጎት አላሳዩም፣ የተናገሩትን በጽሑፍ ብቻ ሲያነቡት ግን ልዩነቱ ጠፋ። ወሬያቸው ችግር የለበትም ማለት ነው፣ ፊታቸውንና ድምፃቸውን ነው ሰው ያልወደደው።

«ዓይን ካላየህ እየሰማህ አይደለም» ደግሞ እኛ ጋ ሲባል ያስቀኛል፣ ትልቅ ሰው ፊት አቀርቅር እየተባልን ያደግን ሰዎች! ያን ዓሳ የበላን ቀን ስንመለስ የባጃጁ ሹፌር የአክስቴን ልጅ በመስታወት እያየው «ወንድምህ ጠጥቷል እንዴ?» አለኝ። የአክስቴ ልጅ መንገዱን እንዳየ «አልጠጣሁም፣ አንተ ግን እየነዳህ 3 ጊዜ ስልክ አንስተሃል» አለው። ሹፌሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ።