ከስክሪኑ ጀርባ ያለው መብራት

«ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም።» አዳማ ውስጥ ቲቪ አቅፎ ጥገና ቤት የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ይህንን ነው። ጠጋኙ መጀመሪያ ቲቪውን ያበራዋል። ከዚያ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ወደ ስክሪኑ ያስጠጋና ጎንበስ ብሎ ያያል። በጥቁሩ ስክሪን ውስጥ የዜና አንባቢው ፊት ድብዝዝ ብሎ ከታየ ምስሉ አልጠፋም ማለት ነው። የጠፋው መብራቱ ነው። ባለሙያዎቹ ባክላይት ይሉታል።

አማርኛችን ኤሌክትሪኩንም አምፖሉንም «መብራት» ስለሚል «የቲቪው መብራት ሄደ» ሲባል ግር ይላል። ደግሞ ብዙዎቻችን ስክሪኑ ራሱ የሚያበራ ይመስለናል። በድሮው፣ ጀርባው በወጣው ቲቪ እውነትም እንዲያ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ቤት ውስጥ የነበሩት ቲቪዎች ለብቻው የተቀመጠ አምፖል አልነበራቸውም። ከኋላ የሚተኮሰው የኤሌክትሮን ጨረር በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ የተቀባውን ፎስፈር ሲመታው ፎስፈሩ ይበራ ነበር።

ኤልሲዲ የሚባለው ፍላት ስክሪን ሲመጣ ይህ ተቀየረ። የኤልሲዲ ፓነል የራሱ ብርሃን የለውም። ሥራው የመጋረጃ ሥራ ነው። ፈሳሽ ክሪስታሉ በኤሌክትሪክ እየታዘዘ ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን ያሳልፋል፣ ወይም ይከለክላል። ቀለሙን የሚሰጡት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች ናቸው። ብርሃኑ ይህን ሁሉ ንብርብር አልፎ ዓይናችን ጋ ሲደርስ ከ10 በመቶ በታች ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ከኋላ ያለው መብራት እኛ ከምናየው እጅግ የበረታ መሆን አለበት። ሙቀቱም የሚመጣው ከዚያው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ኤልሲዲ ቲቪዎች መብራታቸው ቀጫጭን የፍሎረሰንት ዘንግ ነበር። ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ውስጡ የሜርኩሪ ትነት አለ። እሱን ለማብራት ኢንቨርተር የሚባል ቦርድ ቮልቴጁን ከፍ ያደርግለታል። እንዲህ ያለ ቲቪ ቤታችሁ ካለ ዘንጉን እንዳትሰብሩት።

ዛሬ «ኤልኢዲ ቲቪ» ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ያው ኤልሲዲ ነው። የተለወጠው የኋላው መብራት ብቻ ነው፤ በዘንጉ ፈንታ ኤልኢዲ የሚባሉ ጥቃቅን አምፖሎች ገቡ። ነጭ የሚመስለው ኤልኢዲ ደግሞ በውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ከላይ የተቀባው ቢጫ ፎስፈር ነው ነጭ የሚያደርገው። ሰማያዊውን ኤልኢዲ ለዚህ ያበቁት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። ፎስፈሩ በሙቀት ሲበላ ሰማያዊው ይወጣል። ስክሪኑ ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ቲቪ አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ባለ 32 ኢንች ቲቪ ሲከፈት እንይ። ብርድ ልብስ ላይ ተደፍቶ ቦርዱ ይነሳል። ቀጥሎ እንደ ወረቀት የሳሳው ፓነል በሁለት እጅ፣ ትንፋሽ ተይዞ ይወጣል። ከሥሩ ብርሃን የሚበትኑ ነጫጭ ሉሆች አሉ። ከነሱ በታች ነው ኤልኢዲዎቹ የተደረደሩባቸው ቀጫጭን ሰቆች፣ ስትሪፖቹ፣ የተዘረጉት። በየኤልኢዲው ላይ ቁልፍ የምታህል ጥርት ያለች ሌንስ ተለጥፋለች። ሌንሷ ከወደቀች ስክሪኑ ላይ ደማቅ ነጭ ነጥብ ይታያል። ኤልኢዲዎቹ በተከታታይ ስለሚያያዙ ከመሃል አንዱ ሲቃጠል መስመሩ በሙሉ ይጨልማል። አንዳንዱ ቲቪ ሲበራ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ቦርዱ ይህን ብልሽት አውቆ ስለሚያቋርጥ ነው። የሞተው ኤልኢዲ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነጥብ ይታያል።

ኤልኢዲን ቶሎ የሚገድለው ሙቀትና ከመጠን ያለፈ ከረንት ነው። አዳማ ደግሞ ሞቃት ናት። ካፌዎቻችን ቲቪውን ጠዋት ከፍተው ኳስ እስኪያልቅ አይዘጉትም። አንድ ባክላይት 30,000 ሰዓት ይሠራል ብንል፣ በቀን 16 ሰዓት ለሚበራ 5 ዓመት ገደማ ነው። በቀን 5 ሰዓት ብቻ ለሚያይ ቤተሰብ ከ16 ዓመት በላይ ይሄዳል።

ስለዚህ ከልቤ የምመክረው አንድ ነገር አለ። ቲቪ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ብርሃኑ እስከ ጥግ ተለቅቆ ነው። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ «ባክላይት» የሚለውን ቀንሱት። «ብራይትነስ» የሚለው በብዙ ቲቪዎች ላይ ጥቁሩን ያፈካል ወይም ያጠቁራል እንጂ መብራቱን አይነካም።

በኦሌድ ቲቪ ባክላይት የሚባል ነገር የለም፤ እንደ ድሮው ቲቪ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ይበራል። ለዚህ ነው ጥቁሩ የምር ጥቁር የሆነው።

ባክላይቱ ሞቷል ከተባላችሁ ቲቪውን ለቆራሌው አትስጡ። ስትሪፕ ይቀየራል። ሲቀየር ግን ሁሉም አንድ ላይ ይቀየር፤ አዲስና አሮጌ ከተቀላቀሉ ስክሪኑ ዥንጉርጉር ይሆናል። ጠጋኙ ከረንቱን ትንሽ ዝቅ እንዲያደርገውም ጠይቁት። ፓነሉ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የፓነል ዋጋ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ቲቪ ብዙም አይርቅም።