«አይም ኦኬ» ላለ ሰው ቡና አይቀዳም

ጣና ዳር ጀበና ቡና እየጠጣሁ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ፈረንጅ አቦሏን ጨረሰች። ቡና የምታፈላው ልጅ ጀበናዋን አንስታ «ሞር?» አለቻት። እንግዳዋ ፈገግ ብላ «አይም ኦኬ» አለች። ልጅቷ ሲኒውን ጢም አድርጋ ቀዳችላት። ቶናው ተጠጣ። በረካም እንዲሁ።

«ኦኬ» ማለት «አዎ» ነው ብለን ስለተማርን የመጣ ጣጣ ነው። «አይም ኦኬ» እዚህ ጋ «ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» ማለት ነው። ቃሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ከጥያቄው ነው። «እዚህ ልቀመጥ?» ላለ ሰው ፈቃድ ነው። ከባጃጅ ሲወርድ ለተደናቀፈ ሰው «አር ዩ ኦኬ?» ቢሉት «ተረፍክ?» እንደማለት ነው። ወሬ መሃል «ኦኬ… ኦኬ…» የሚል ሰው ደግሞ እየሰማ ነው እንጂ ተስማማ ማለት አይደለም። የኛስ «እሺ» ቢሆን? «እሺ ነገ» የተባለ ሰው ነገ ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ሌላው ስህተት «ኦኬ» ሁሌ ምስጋና ይመስለናል። ከዘጌ ገዳማት የተመለሱ እንግዶች ስለ ጉዞው ተጠይቀው «ኢት ዎዝ ኦኬ» ካሉ፣ አስጎብኚው ገና ደስ አይበለው። «ምንም አይልም» ማለታቸው ነው። አሳ ጥብሱም «ኦኬ» ከተባለ ተበላ እንጂ አልተወደደም።

አመጣጡ ላይ ደግሞ ወሬው ብዙ ነው። በጣም የሚወራው የጦርነቱ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ «ዜሮ ኪልድ»፣ ማለትም «ዛሬ የሞተ የለም» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ዜሮዋ ኦ ሆና ቀረች ይላሉ። ደስ ይላል፤ ግን ጦርነቱ የተጀመረው በ1861 እ.ኤ.አ. ነው። ቃሉ ከዚያ 22 ዓመት ቀድሞ፣ ማርች 23 ቀን 1839፣ «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» ጋዜጣ ላይ ታትሟል። ያኔ የቦስተን ጋዜጠኞች አባባሎችን ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል እየጻፉ ማሳጠር ፋሽናቸው ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ሁሉም ትክክል ማለት፣ በደንቡ ሲጻፍ አንዱ ቃል በ«ኤ»፣ ሌላው በ«ሲ» ይጀምራል። እነሱ «ኦ» እና «ኬ» አደረጓቸው። «ሁሉም ትክክል» የሚለው ራሱ ሁለት ስህተት! ቀልዱ ይኸው ነበር።

የዚያ ዘመን ሌሎች ቀልዶች ሞቱ። ይህኛውን ያተረፈው የ1840ው የአሜሪካ ምርጫ ነው። ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ኪንደርሁክ የተባለች የኒው ዮርክ ከተማ ሰው ስለነበር «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይባል ነበር፤ የሁለቱ ቃላት መነሻ ፊደል «ኦ» እና «ኬ» ነው። ደጋፊዎቹም የ«ኦኬ» ክለብ አቋቋሙ። እሱ ተሸነፈ፣ ቃሉ ቀረ። ይህን ሁሉ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የድሮ ጋዜጣ እያገላበጠ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የተባለ የቋንቋ ምሁር ነው። ከዚያ በፊት ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን እንኳ ቃሉ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከቾክቶው ቋንቋ የመጣ ነው ብሎ አምኖ አጻጻፉን ለውጦ ነበር።

አጻጻፉ በሁለት ፊደልም በአራትም ልክ ነው። በጣት የሚሠራው ምልክት ግን እንደ ሀገሩ ነው። አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ማገጣጠም ጃፓን ውስጥ ገንዘብ፣ ብራዚል ውስጥ ነውር ነው።

እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ለቡና አፍይዋ ነገርኳት። ጀበናዋን እንደያዘች ደነገጠች። «ውይ! ታዲያ እጇን ሲኒው ላይ አታደርግም?»